ገዲሴ ኩሬዋን ያደረቀችበት ጥቅምት

በላፍቶ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ በሚወርደው ኮረኮንች መንገድ ላይ፣ በፎቅ ቤቶች መካከል የተሸጎጠ አንድ አሮጌ ግቢ አለ። የገዲሴ ግቢ ነው። ድሮ የባሏ አባት ሰፊ እርሻ ነበር፤ መንገዱ የራሱን ወሰደ፣ ቤቶቹም የራሳቸውን ወሰዱ፣ የተረፈው ከጓሮዋ ያለው ቁራሽ መሬት ነው። ባሏ ኢሉ ከማረፉ በፊት በዚያች ቁራሽ ላይ ኩሬ አስቆፍሮ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ማርባት ጀመረ። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀበት። «በሬ ሲጠምድ የኖረ ሰው አሁን ደግሞ ዓሣ ሊጠምድ ነው» አሉት። ጥቁሩ አፈር ግን ውኃውን ይዞ አላሰርግም አለ፤ ዓሣውም ረባ።

ኢሉ ሲሞት ልጆቿ ኩሬውን አስደፍኚና ከእኛ ጋር ኑሪ ብለው ለመኗት። ለቡ ያለው የልጇ ቤት ንጹሕ ነው፣ ፀሐይ ይገባዋል፣ ሊፍት አለው። ገዲሴ ግን እጅን አጣጥፎ በልጅ ቤት መብላት አልሆነላትም። «መሬቴ እኮ ዛሬም ያበላኛል» ትላቸዋለች። እውነቷን ነበር። ኩሬው ባዶ ከሆነ ግን ይህን የምትልበት አፍ አይኖራትም፤ ልጆቿም ያን ቀን ይጠብቃሉ።

ዘንድሮ፣ መስቀል ባለፈ ሰሞን፣ ወርቅዬ አንድ ዓሣ በፌስታል ይዛ መጣች። ወርቅዬ ጎፋ ላይ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ፣ በልጅነቷ ከምንጃር የመጣች፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

«ነይ እስቲ እዪው» አለች፣ የተሰነጠቀውን ዓሣ ገልጣ። «ሩዝ ነው እንዳልል ይንቀሳቀሳል!»

ከሥጋው ውስጥ ቢጫ ትሎች ነበሩ።

«ደንበኛዬ አይቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቤቴ ተዘግቶ ነበር። የነቢያት ጾም ሊገባ ነው፤ እኔ ደግሞ የተማመንኩት ያንቺን ኩሬ ነው። አንድ ነገር አድርጊ፣ ገዲሴ።»

ገዲሴ ኤሌኒን ጠራች። ኤሌኒ የዓሣ ጤና ባለሙያ ናት፤ በወር አንዴ ሁለቴ ብቅ ትላለች። የኩሬውን ዳር በእንጨት ስትነካካ ቆይታ አንዲት ቀንድ አውጣ አንስታ መዳፏ ላይ አስቀመጠች።

«ጥፋቱ የዚህች ነው፣ እትዬ ገዲሴ። ዓሣ የምትበላው ወፍ የትሉን እንቁላል ኩሬው ውስጥ ትጥላለች። ትሉ መጀመሪያ በዚህች ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ወጥቶ ዓሣው ሥጋ ውስጥ ይገባል።»

«እና መርፌ ውጊያቸዋ! ከብቶቻችንን መርፌ ነበር የሚያድናቸው።»

«አንድ በአንድ ይዘው ያቆሙልኛል?»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ኤሌኒ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ሥጋ ውስጥ ለገባ ትል የምትሰጠው መድኃኒት እንደሌላት ነገረቻት። ኩሬው ይፍሰስ፣ በፀሐይ ይድረቅ፣ ቀንድ አውጣው ይለቀም፣ ኖራ ይበተንበት፤ ለወፏም ከላይ መረብ ይዘርጋ። ከዚያ አዲስ የዓሣ ጫጩት ይገባል።

«ጾሙስ?» አለች ገዲሴ።

«ጾሙ ያልፋል።»

ለኤሌኒ ያልፋል። ለገዲሴ ግን ጾሙ መኸሯ ነው። ደግሞም ኤሌኒ ስታዝዛት ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። አምና ዓሣው ቆዳ ላይ ቁስል ወጥቶ፣ ኤሌኒ ለዓሣ የተፈቀደ መድኃኒት መዝና ከመኖው ጋር ደባልቃ ሰጠች፤ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ አንድም ዓሣ እንዳይሸጥ ብላ ከለከለች። ጎረቤቷ ወጋየሁ ለዶሮዎቹ የሚሰጠውን እንክብል ይዞ «ይቺን ውኃው ላይ በትኚና ተገላገዪ» ሲላት፣ ኤሌኒ ከእጁ ተቀብላ «ጋሽ ወጋየሁ፣ ይሄ ለሰው የተሠራ ነው። እንደ ስኳር ከበተኑት በሽታው ይለምደዋል፤ ዓሣውን የሚበላውም ሰው ሳያመው መድኃኒት ይውጣል» አለችው። ገዲሴ ሰማች፣ ጠበቀች። የፍልሰታ ገበያ በእጇ ላይ አለፈ። ዓሣው ዳነ፣ ግን ያን ጊዜ የሚገዛ አልነበረም።

ስለዚህ ዘንድሮ አንጀቷ እንቢ አለ። ኤሌኒ በሄደች ማግሥት አጥሩ ጥግ ቆማ ኩሬውን ስታይ፣ ክንዷን የሆነ ነገር ነካት። እንዶዱ ነበር። አጥሩ ላይ ተጠምጥሞ፣ ፍሬው በዘለላ ተንጠልጥሏል። ላርጎና ኦሞ ከመጣ ወዲህ ማንም አይነካውም፤ እሷም የእናቷ ነገር ሆኖባት ከመቁረጥ አልፋው ኖራለች።

ወዲያው ወንዙ መጣባት። ዛሬ ከላፍቶ በታች አፍንጫ ተይዞ የሚታለፈው ወንዝ፣ ያኔ ድንጋዩ ከሥር የሚታይ ነበር። መስቀል ሲቃረብ እናቷ አያንቱ ነጠላውንና ጋቢውን ሁሉ በራሷ ተሸክማ ትወርዳለች። የተወቀጠው እንዶድ ውኃ ሲነካው ያረፋል። ገዲሴ ትንሽ ልጅ ሆና ጋቢውን በእግሯ ትረግጣለች፣ አረፋው እስከ ጉልበቷ ይደርሳል፣ እናቷ ትስቃለች። ነጩ ልብስ ሣሩ ላይ ሲዘረጋ ከሩቅ ለሚያየው በረዶ የጣለ ይመስላል። አንድ ነገር ደግሞ ታስታውሳለች፤ እናቷ ካጠበች በኋላ ድንጋዩ ላይ የሚለጠፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይረግፉ ነበር።

ሞተው ይረግፉ ነበር!

ገዲሴ ለብቻዋ ሳቀች። ይሄ ከመደብር የሚገዛ መድኃኒት አይደል፣ መርዝ አይደል፤ እናቷ ልጆቿን ያለበሰችበት እንዶድ ነው። ፍሬውን ለቀመች፣ አሰጣች፣ ወቀጠች። ሲያስነጥሳት እንኳ ደስ አላት፤ እናቷም ስትወቅጥ እንዲሁ ታስነጥስ ነበር። በባልዲ በጥብጣ አረፋው ሲነሣ፣ የኩሬው ዳር ተቀምጣ ጥቂት አየችው።

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው። ሀኒፋ ነበረች። የልጅነት ጓደኛዋ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ለቡ የሄደች፤ ስትናፍቅ ታክሲ ይዛ የምትመጣ።

«ምን ሸተተኝ?» አለች ገና ሳትቀመጥ። «እንዶድ ነው እንዴ? ያ ረቢ! ይሄን ሽታ ካሸተትኩ ስንት ዘመኔ!»

ገዲሴ ሐሳቧን ነገረቻት። ሀኒፋ ባልዲውን አየች፣ ኩሬውን አየች።

«ዓሣዎቹ ላይ?»

«ቀንድ አውጣው ላይ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም? ሰካራሞቹን ረሳሻቸው?»

«የምን ሰካራሞች?»

«ትንንሾቹ ዓሣዎች ናቸዋ! እናትሽ ማጠብ ስትጀምር ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው እየተንሳፈፉ ይመጡ ነበር። 'ሰከሩ፣ ሰከሩ' እያልን በነጠላ ጫፍ ስንለቅማቸው። እናቴ ትበሏቸዋላችሁ ብላ በአርጩሜ አልነበር የምታባርረን?»

«እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» አለች ገዲሴ። ፊቷ ተለወጠ።

«ነበር።»

«ሀኒፋ፣ እኔ እዚያው ነበርኩ። ጋቢውን የምረግጠው እኔ ነኝ። እናቴ ዓሣ ስትፈጅ ነበር ልትዪኝ ነው?»

«እናትሽማ ልብሷን ነበር የምታጥበው» አለች ሀኒፋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን ገዲሴ፣ እናንተ ከላይ ነበራችሁ። እኛ ኋላ የመጣን ነን፤ የምናጥበው ከእናንተ በታች ነበር። ውኃው የሚያመጣውን የምናየው እኛ ነን።»

ገዲሴ ብድግ ብላ መረቡን ያዘች፣ አንድ ዓሣ አወጣች፣ በጎድጓዳ ሳህን ከኩሬው ውኃ ጋር አደረገችው። ከባልዲው አንድ ጭልፋ ቀድታ ጨመረችበት። ሁለቱ ሴቶች በርጩማ ስበው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሀኒፋ ስለ ልጇ ሠርግ ልታወራ ሞከረች፤ ወሬው አልቀጥል አለ። ዓሣው መጀመሪያ አፉን እየከፈተ ወደ ላይ ወጣ። ቀጥሎ በጎኑ ተኛ። ከዚያ ሆዱ ተገለበጠ፣ ነጭ ሆነ፣ ቀረ።

«ሰከረ» አለች ገዲሴ።

ሀኒፋ አልሳቀችም። ገዲሴ የሞተውን ዓሣ ስታይ ቆየች። ያ ወንዝ፣ ያ አረፋ፣ ያ የእናቷ ሳቅ፣ ሁሉ እንዳለ ነበር፤ ግን አሁን ከበታቹ ሌላ ውኃ ይፈስበታል፣ በዚያ ውኃ ላይ ደግሞ ነጭ ሆድ። ሀኒፋ በታክሲው ሰልፍ ትንሽ ዘግይታ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሳህን ኩሬው ነበር። ከኩሬው የራቀ ጉድጓድ ቆፍራ ባልዲውን ደፋችው፣ አፈር መለሰችበት፤ ስልኳን አንስታም ኤሌኒን ጠራች።

«ነይ አፍስሺው» አለቻት።

ኩሬው ሲፈስስ ኤሌኒ ዓሣውን እያስሰነጠቀች አየች። ሥጋው ጥሩ የሆነውን ወርቅዬ ወሰደች፤ ጥቂት ነበር። ትል ያለበት ተቀበረ። «ለጾሙ ምን ልጥበስ? ድንች?» እያለች ወርቅዬ እስከ በሩ አጉረመረመች፤ ከበሩም ወዲያ ድምፅዋ ይሰማ ነበር። የገዲሴ ልጅ በስልክ ነገሩን ስትሰማ «እማ፣ እንግዲህ አበቃ ማለት ነው፤ ክፍልሽን ላዘጋጅ?» አለቻት። ገዲሴ «ቆይ» አለች። ለምን እንደምትቆይ ራሷም አላወቀችም።

በማግሥቱ እሷና ሀኒፋ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ጭቃው ውስጥ ገቡ፤ ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ ዋሉ። አንዴ ሀኒፋ ተንሸራታ ቁጭ ስትል፣ ሁለቱም መነሣት አቅቷቸው ሳቁ። ገዲሴ ከሥሯ ያለውን ጭቃ በእጇ ዘገነችው። ኩሬው ከተቆፈረ ወዲህ ይህን አፈር አላየችውም ነበር። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ስትጨብጠው ውኃ የሚያንጠባጥብ። የመስከረም እርሻ ጭቃ ነው።

«ሀኒፋ፣ ሽምብራ ብበትንበትስ?»

«ጊዜው አልፏል።»

«ለሌላው አልፏል። ይሄ እኮ ገና ዛሬ ከክረምት የወጣ ነው።»

ኤሌኒ ስትጠየቅ ትንሽ አሰበች። ሥሩ አፈሩን ያደርቀዋል፣ ኖራው ከሽምብራው በኋላ ይደርሳል፣ ይዝሩ አለች። ገዲሴም ዘራች።

ታኅሣሥ ላይ፣ በጾሙ እኩሌታ፣ ወርቅዬ ለጠብ ተዘጋጅታ መጣች። ከዝዋይ የሚመጣው ዓሣ ተወዶባታል፤ የልቧን ሳትናገር አታድርም። በሩን ገፍታ ወደ ጓሮ ዘለቀችና ቆመች። በፎቆቹ መካከል፣ በጎድጓዳው ሙሉ፣ ሽምብራው አብቧል። ከኮንዶሚኒየሙ ሰገነት ላይ ሰዎች ልብስ እያሰጡ ቁልቁል ያዩታል።

ወርቅዬ ወደ ጎድጓዳው ወረደች። ጎንበስ ብላ አንድ ቅጠል ቀነጠበችና ምላሷ ላይ አደረገች። የሽምብራ ቅጠል ይኮመጥጣል። ያቺ አፏ የማያርፍ ሴት ዓይኗን ጨፍና፣ ቅጠሉን እየመጠጠች፣ ምንም ሳትል ቆየች።

«እሸቱ መቼ ይደርሳል?» አለች በመጨረሻ።

«ጥር ላይ።»

«ለማንም እንዳትሸጪ። ጎፋ መንገድ ዳር አስቀምጬ በአንድ ቀን ነው የምጨርስልሽ።» ከዚያ ሌላ ቅጠል ቀነጠበች። «አባቴ እርሻ ላይ ይሄን ስልስ ነበር የሚመታኝ፣ ታውቂያለሽ?»

ገዲሴ አላወቀችም ነበር። ኩሬው ዳር ተቀመጠችና «ንገሪኝ» አለቻት።