ውሃ የሌለበት ቦታ ፍለጋ

አባቴ ከደሴ ተነስተው ሜሪላንድ አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ እኔ ዘንድ የመጡት እግራቸውን ለመታከም ነበር። እሳቸው ግን ለጠየቃቸው ሁሉ ልጄን ላያት ነው የመጣሁት ይሉ ነበር። ስኳራቸው በቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ሥር ያወጣው ቁስል አልድን ብሏል። ሐኪሙ ቁስሉን ውሃ እንዳይነካው አጥብቆ አዘዘ፤ አባቴ ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ እግራቸውን መታጠቢያው ላይ ሰቅለው ለሶላት ውዱእ ያደርጋሉ። ከሆቴል ሥራዬ ስገባ ፋሻው ርሶ አገኘዋለሁ።

የመስጊዱ ሸህ ደጋግመው መክረዋቸዋል። ውሃ ያጣ ሰውም ሆነ ውሃ የሚጎዳው በሽተኛ እጁን ንጹህ አሸዋ ወይም አፈር ላይ መታ አድርጎ ፊቱንና እጁን ቢያብስ ይበቃዋል፤ ተየሙም ይባላል። አባቴ በትሕትና አዳምጠው ሲያበቁ፣ እሱ ለታመመ ነው ብለው ተነሱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት በልጅነቴ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በጣም ያናድዱኝ ነበር።

እኔም ብሆን ደህና ደባቂ ነበርኩ። ሐኪሙ ዘንድ አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ። ቁስሉ ካልደረቀ ጣታቸውን፣ ምናልባትም እግራቸውን ልንቆርጥ እንችላለን ሲል፣ «ውሃ እንዳይነካው ነው የሚለው» ብዬ አሳጠርኩት። ኩላሊታቸው መድከም መጀመሩንማ ጭራሽ አልተረጎምኩትም። እኛ ዘንድ ክፉ ነገር ለታማሚው ፊት ለፊት አይነገርም፤ የሚነገረው ለዘመድ ነው። እዚህ ያለሁት ዘመድ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የሰማሁትን ይዤው እተኛ ነበር።

አንድ የእረፍት ቀን ዘዴ መጣልኝ። ውሃ የሌለበት ቦታ ብወስዳቸው ሳይወዱ በግድ በአሸዋ ያብሳሉ፤ አንዴ ከለመዱት ቤትም ይቀጥሉበታል። በሜሪላንድ ጠረፍ አሳቲግ የምትባል ረጅም ደሴት አለች። ብሔራዊ ፓርክ ናት፤ ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ፎቶ አሸዋ በአሸዋ ነበር። ባሕሩ እርግጥ አለ፣ ለውዱእም ይሆናል። ግን አባቴ የደጋ ሰው ናቸው፤ ማዕበል አጠገብ እንደማይደርሱ አልተጠራጠርኩም። ከጉሮሮ ማርጠቢያ የማያልፍ ውሃ ይዤ ከሦስት ሰዓት በላይ ነዳሁ። መግቢያው ላይ ቧንቧ ያለው ሽንት ቤት ስላለ፣ እሱን እንዳያዩ በወዲያኛው መስኮት ፈረሶች አሳየኋቸው። ፓርኩ ውስጥ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች መንገድ ዳር ይግጣሉ። ጭነት የማያውቁ ጥጋበኞች ብለው ሳቁባቸው።

ሐኪሙ ያዘዘላቸውን ድፍን ጫማ አድርገው፣ በአሸዋው ኮረብታዎች መሀል ባለው መንገድ ቀስ እያልን ሄድን። ባሕሩን ከሩቅ አይተው ዱዓ አደረጉና ጀርባቸውን ሰጡት። ዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ ደርሷል። ዘዴዬ ሠራልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ከአንዱ ኮረብታ ሥር ኩሬ ብቅ አለ። ዝናቡ የአሸዋው ጎድጓዳ ላይ ተጠራቅሞ ጥርት ብሎ ተኝቷል። አባቴ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ቀመሱት። ጨው የለውም አሉ፤ አላህ በዚህ ሁሉ አሸዋ መሀል ውዱእ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ ብለው አመሰገኑ። ከውሃ ላሸሻቸው ያን ሁሉ መንገድ ነድቼ፣ ከቤታችን ቧንቧ የሚበልጥ ውሃ ላይ አደረስኳቸው።

ኩሬው ዳር ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ። ፋሻውን መፍታት ሲጀምሩ እጃቸውን ያዝኩ። አባቴን ከምንም ነገር በእጄ ከልክዬ አላውቅም ነበር።

«አባባ፣ ሐኪሙ ያለውን በትክክል አልነገርኩዎትም። ቁስሉ ካልደረቀ እግርዎን ልንቆርጥ እንችላለን ነው ያለው።»

ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። መቼ እንዳለው ብቻ ጠየቁኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልኳቸው። ውሃውን ትንሽ ሲያዩ ቆዩና ፋሻውን መልሰው ጠቀለሉት። ከዚያ እየተንፏቀቁ ከኩሬው ራቅ ብለው ደረቁ አሸዋ ላይ ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን አሸዋው ላይ መታ አድርገው ፊታቸውን አበሱ፣ ቀጥለው እጆቻቸውን።

«ታምሜያለሁ ማለት ነው» አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። ያን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አለቀስኩ።

እኔ በኩሬው ውሃ ውዱእ አድርጌ ከኋላቸው ቆምኩ። ሶላቱን ከመጀመራቸው በፊት ዞር ብለው ሌላስ ያልነገርሽኝ አለ ወይ አሉኝ። አለ አልኩ። ሰገድን። እንደ ወትሮው አልተቻኮሉም፤ ለእኔ ግን በጣም ረዘመብኝ። ሲጨርሱ መስገጃቸው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ነይ ተቀመጪ» አሉ። «አሁን ሐኪሙ እንዳለው አድርገሽ ንገሪኝ። እንዳታሳጥሪ።»