አራስ ቤት ውስጥ የነጠረ ወርቅ

ጥሩሐረግን የማያውቅ የኒሯቅ ገበያተኛ የለም። ከተከዜ ዳር አሸዋ እያጠበች ወርቅ ታወጣለች፤ እርጉዝ ሆና እንኳ ወገቧን አስራ ከወንዶቹ እኩል ትሠራ ነበር። እኔ ነርስ ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ መጀመሪያ ያሳቀችኝ ሴት እሷ ናት። ለነፍሰ ጡር የምንሰጠውን የብረት እንክብል «ይኸ ደግሞ መቼ ነው ወርቅ የሚሆነው?» እያለች ትውጠዋለች። ግን አንድም ቀን አላቋረጠችም፤ ለልጇ አንጎል እንደሚጠቅም ነግሬያት ነበርና።

ወንድ ልጅ ተገላገለች። ክርስትና እስኪነሣ ከቤት ስለማትወጣ ልጠይቃት እኔው ሄድኩ። ንፋስ እንዳይመታት መስኮቱ በጨርቅ ተወትፏል። ክፉ መንፈስ ብረት ይፈራል ተብሎ ከራስጌዋ ማጭድ ተቀምጧል። ሕፃኑ ጡት ይዟል። ባሏ ምንይሉ ደግሞ ታላቋን ሴት ልጃቸውን አዝሎ ከግርጌዋ ምድጃው ላይ አጎንብሶ፣ አንድ ነጭ ድቡልቡል ነገር በጣሳ ያግላል።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«ባዚቃ ነው፣ የወርቁን ብናኝ የሚሰበስብልን። እሱ ሲተን ወርቁ ይቀራል።»

ውጭ ንፋስ አለ፣ የሰው ዓይንም አለ፤ አራስ ቤት ግን ሰው ዘው ብሎ አይገባም። ይህን ሲያስረዳኝ ኩራት ቢጤም ነበረበት።

ክው ብዬ ቀረሁ። በሩን በርግጄ ሁሉንም አስወጣኋቸው፤ አራሷን ከነሕፃኑ፣ ምንይሉን ደግሞ ልጅቷን እንዳዘለ። የባዚቃ፣ ማለትም የሜርኩሪ፣ ትነት ሳይታይ ሳይሸት የሕፃን አንጎል እንደሚጎዳ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው።

ጥሩሐረግ አልደነገጠችም። «እንክብሉን ውጬ የለ?» አለችኝ ረጋ ብላ።

«እንክብሉ ሰውነትን ያግዛል እንጂ እንዲህ ያለውን መርዝ አይመልስም። ከቤት መራቅ ያለበት ባዚቃው ነው።»

ከዚያ ዓይኗ ባሏ ጀርባ ላይ ወዳለችው ልጅ ሄደ። ልጅቷ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ እግሯ አልጸናም፣ አፏም አልተፈታም። ቡዳ በልቷት ነው እያሉ ጠበል ለጠበል ሲያንከራትቷት ኖረዋል። በባዚቃው ነው ብዬ መማል አልችልም፤ አይደለም ለማለትም አፌን ያዘኝ።

«እሷን ስወልድ ክረምት ነበር» አለች ጥሩሐረግ። «እንዳይበርዳት ብዬ ከዚያው እሳት አጠገብ አስተኛት ነበር።»