አርፍዳ የመጣችው እንግዳ

ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ መምህር ሆኖ ተመድቦ ከደብረ ብርሃን መቀሌ ስንገባ፣ ሓድነት በሚባለው ሰፈር አደይ ብርኽቲ የሚባሉ አሮጊት ግቢ ውስጥ ተከራየን። ትግርኛ አልችልም፣ ጓደኛ የለኝም፤ ያለኝ የአከራያችን ተረት ብቻ ነበር። የታኅሣሥ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳና ማምሻውን መብራት ሲጠፋ፣ አደይ ከሰላቸውን አያይዘው፣ በራዱን ጥደው፣ በኩራዙ ብርሃን ትግርኛ በሚጎትተው አማርኛቸው ይጀምሩልኛል።

ተረቱ ሁሌም አንድ ነው። በብርድ ቀን አንዲት ባልቴት በሯን ከፍታ እንግዳ ትቀበላለች፤ መጀመሪያ አንድ ጎባጣ ሽማግሌ፣ ቀጥሎ አንድ ረጅም ወታደር፣ ከዚያ ሁለት እርጉዞች፣ ከዚያ ሦስት ነገረኛ እህትማማቾች። «አራተኛ እህታቸው እንዳትገባ፣ ጓለይ፣ ልጄ! ቤቱን ሁሉ መራራ ታደርገዋለች» ይሉኝ ነበር ጣታቸውን እያወዛወዙ። በመጨረሻ ቀይ ካባ የለበሰች ሴት ሮጣ ትገባና በሩ ይዘጋል፤ ያኔ ሻዩም ደርሶ ይቀዳል። እኔ አፌን ከፍቼ አፋቸውን አይ ነበር እንጂ እጃቸውን አይቼ አላውቅም።

አንድ ሰሞን ሳል አልጋ ላይ ጣላቸው፤ ድምፃቸውም ጭራሽ ጠፋ። እናቴ ገበያ ስትሄድ «አጠገባቸው ሁኚ» አለችኝ። በጣም ፈርቼ ነበር፤ ድምፃቸው ካልተመለሰ በዚያ ከተማ ማን ያወራኛል? ሻይ ካፈላሁላቸው የሚድኑ መሰለኝና በራዱን ጣድኩ። የቅመም ጣሳዎቹን ስከፍት ግን ምኑ ስንት እንደሚገባ አላውቅም። እንባዬ መጣ። አደይ ከአልጋቸው ሆነው መጀመሪያ አፌን፣ ቀጥሎ በራዱን ጠቆሙኝ። ተርኪ ማለታቸው ነበር።

«አንድ ጎባጣ ሽማግሌ...» ብዬ ስጀምር ዓይኔ ጎባጣው ዝንጅብል ላይ አረፈ። ወይ ሞኝነቴ! ረጅሙ ወታደር ቀረፋው፣ እርጉዞቹ ሆዳቸው ፍሬ የሞላው ሄሎች፣ ነገረኞቹ ቅርንፉዶች፣ ባለ ቀይ ካባዋ ደግሞ ውሃውን የምታቀላው ሻይ ቅጠል! እየተረክሁ ጨመርኩ፣ ክዳኑን ዘጋሁ፣ ቀዳሁላቸው። አደይ ብርጭቆውን ጨልጠው በትንፋሽ ብቻ «ጥዑም» አሉኝ፤ ድገሚልኝም አሉ በእጃቸው። የተረፈውን ስቀምሰው ነው ክው ያልኩት፤ ስኳር የለውም። ሁሌ ሲቀዱ ዝም ብለው ነበር የሚጨምሩት፤ ተረቱ ውስጥ የለማ!

በሳምንቱ ድምፃቸው ተመለሰ። ያን ምሽት ተረቱን እንደ ወትሮው አውርተው በሩን ከዘጉ በኋላ ግን አላቆሙም። «በሊ፣ ቤቱ ከሞላ በኋላ ደግሞ አንዲት ትንሽ ልጅ ከሩቅ አገር አርፍዳ መጣች። እሷ ባትገባ ኖሮ ማን ይጠጣው ነበር?» አሉና ዓይን ዓይኔን እያዩ ስኳሩን ጨመሩ። ደስታዬን የምደብቅበት ጠፍቶኝ ብርጭቆዬ ላይ አቀረቀርኩ።

አደይ ዛሬ የሉም። ብርዱ ሲመጣ ግን መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ባለው ቤቴ በራዱን ጥጄ ለልጄ እተርካለሁ፤ እሷም በአማርኛም በትግርኛም እያቋረጠች ታደርቀኛለች። ትናንት ስኳሩ ላይ ስደርስ፣ «ያረፈደችው ልጅ ከዚያ በኋላ የት ሄደች?» አለችኝ።

«የትም አልሄደችም» አልኳት፤ «እዚሁ ቀረች።»