በመረብ ገመድ የታሰረ ሱሪ

ዳካር ውስጥ በባሕሩ ዳርቻ አመሻሽ ላይ ከምንሮጠው ወንዶች አንዱ ሱሪውን በዓሣ መረብ ገመድ ያስራል። ሱሪው የድሮ ቦርጩ ልክ ነው። ቦምቦሊኖ ሻጯ ንዴላ ስትጠራው ውሃ ብቻ ጠጥቶ ያልፋል። እኛ ዘንድ ባል ከከሳ የምትታማው ሚስት ናት።

"ጋሼ፣ ሚስትህ ማጀቱን ቆለፈችብህ እንዴ?" ብላ ንዴላ ትናንት ሁላችንንም አሳቀችን።

እሱ ግን አልሳቀም።

"ሚስቴን ተያት። የፕሮስቴት ካንሰር ይዞኛል፤ ሐኪሙ ክብደት ቀንስ ብሎኛል። ለእኔ ብላ እሷም ሩዝ ትታለች። በይ፣ ሰውነቴ ሳይበርድ ልሩጥ።"

ገመዱን አጥብቆ ሄደ። ሁላችንም አቀረቀርን። ከመሀላችን በዕድሜ ትልቁ ግን ተከትሎት ሮጠ፤ ደረሰበትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሐኪምህ የት ነው?" አለው።