ሽማግሌ ያልላከው ሰው

ከሚሴ ላይ በግንቦት ሙቀት እስክሪብቶ ኪስ ውስጥ ይፈሳል። ባለፈው ጁምዓ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰብኝና መስጊዱ በር ላይ ቆሜ በጣቴ ስጠርገው ሽታው አፍንጫዬ ገባ። የቀይ ቀለም ሽታ። ቀለም ሽታ ያለው አይመስልህም፤ አለው። እኔን ጦርነት ጦርነት ይሸተኛል።

ልንገርህ። አወራሩን ላላውቅበት እችላለሁና ታገሠኝ።

እኔ ሰባተኛ፣ ወንድሜ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን አንድ አገር ነበረን። ደብተር ላይ የተሳለ አገር። መሃሉን እንደ ቦርከና ያለ ወንዝ ይከፍለዋል፤ ከወዲህ ያለው የእኔ፣ ከወዲያ ያለው የእሱ። ካርታውን የሚስለው እሱ ነው። ገበያውን፣ ግመል የሚጠጣበትን ኩሬ፣ ንጉሡ የሚተኛበትን ቤት ያወጣል። መጻፉ የእኔ ነበር። እኔ ደግሞ የምወደው መግደል ነው። ደም ሲመጣ በቀይ እጽፋለሁ። ወንዙ በሬሳ ተዘግቶ ወደ ማሽላው ይገባል። አንገቱ የተቆረጠ ሰው ሳይወድቅ ሁለት እርምጃ ይራመዳል። ጦር በአንዱ ሆድ ገብቶ ከኋላው የቆመውን ይደግማል። በአንድ ገጽ አራት መቶ ሰው የፈጀሁበት ቀን አለ።

"ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣" ይለኝ ነበር ወንድሜ፣ "አንድ ሰው እንኳ አትርፍልኝ እንጂ። በማን ልዋጋህ ነው?"

ከሰዎቹ ሁሉ የሚወደው አንድ ዓይናውን ነው። ራሱ ነው የፈጠረው። ግመል ነጂ፣ ዝምተኛ፣ በልጅነቱ አንድ ዓይኑን እሾህ የወጋው። ከጦርነቱ ሁሉ ተርፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። "እሱን እንዳትነካብኝ" ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ደብተሩን ትምህርት ቤት ወስጄ ለክፍል ልጆች አነበብኩ። ሳቁ። ወንድሜ ሰማና ኳስ ሜዳው ላይ ልጆቹ ፊት በጥፊ አጮለኝ። ጆሮዬ ጭው አለ። ከንፈሬ ተሰንጥቆ ደሙን ዋጥኩት። መልሼ አልመታሁትም፣ አልችለውም። ቤት ስገባ ግን ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ። አንድ ዓይናው በርከክ ብሎ ውሃ ሲጠጣ፣ በማያይበት በኩል፣ ከኋላው አስወጋሁት። ሦስት ጊዜ። ሬሳውን ጅብ አስጎተትኩት። ደብተሩን ከፍቼ ወንድሜ ትራስ ላይ ተውኩት።

አነበበው። ደብተሩን ዘግቶ ትራሴ ላይ መለሰልኝ። የከፋው እሱ ነው።

በማግስቱ ከአስር ሶላት በኋላ ሁለት የጎረቤት ልጆች የአባቶቻቸውን ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ዱላ ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። አባጋር መሆናቸው ነው። እኛ አገር ሰው ሲገደል ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች አባጋር ይባላሉ። ሲመጡ አይቀመጡም፣ ውሃ አይቀምሱም። እሺ እስኪባሉ በር ላይ ይቆማሉ።

"ደም አለብህ፣" አለኝ ትልቁ ልጅ ድምፁን አወፍሮ። "የአንድ ዓይናው ወገን ልኮን ነው።"

አባቴ ጥላ ሥር ማጭድ ይስል ነበር። ቀና አለ።

"ማነው የላካችሁ?"

ወደ ወንድሜ ጠቆሙ። አባቴ ማጭዱን አስቀምጦ እስኪያስለው ሳቀ። "እናንተዬ፣ የሟች ወገን ሽማግሌ ይልካል እንዴ? ላኪው ገዳይ ነው። የሟች ወገንማ ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ሳቁን ትቶ። "ገዳዩ አንተ ነህ? በል እነዚህን ለምናቸውና ይዘህ ሂድ።"

ለመንኳቸው። አንድ አንድ ጥንቅሽ ካልሰጠኸን ወዲያ ወገን አንዞርም አሉ። ሰጠሁና ወንድሜ ክፍል በር ላይ ቆምን።

"ገዳዩ ማነው?" አለ ከውስጥ።

"እኔ።"

"አንተማ ጸሐፊው ነህ። ከኋላው ወጉት ብለሃል። ማን? ጦሩን ከየት አመጣው? ሲመለስ ቤቱ ማን አለ? ሰው ሳታሳየኝ ማንን ይቅር ልበል?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጥንቅሹን እየገመጠ "እውነቱን ነው" አለ። የእኔ ወገን ነበር እኮ።

አራት ቀን ፈጀብኝ። ገዳይ መጻፍ ከመግደል ይከብዳል። መጀመሪያ ጭራቅ አደረግኩት። ወንድሜ "ዲሲ፣ ተወው፣ እንዲህ ያለ ሰው የለም" ብሎ መለሰልኝ። በኋላ ባቲ ገበያ ያየሁት ጨው ሻጭ ትዝ አለኝ፤ እጁ የተሰነጣጠቀ፣ ባስነጠሰ ቁጥር አልሐምዱሊላህ የሚል። የእሱን እጅ ሰጠሁት። እጁን ስሰጠው መናገር ጀመረ። እኔ ያላሰብኩትን ተናገረ። ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ ወረቀቱ ላይ ክብ ክብ ሠርታ ነበር። እንዴት እንደምለው አላውቅም። መጻፍ የወደድኩት ያኔ ነው።

ወንድሜ አንብቦ እጁን ዘረጋልኝ። "በል፣ ደርቋል" አለ።

ተኩሱ ከተማችን የደረሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ሆኖ ነበር። ረፋድ ላይ ጀመረ። ቆርቆሮው ላይ እንደ በረዶ ወረደ፤ የጎረቤታችን ግድግዳ ተበሳሳ፤ መንገድ ላይ የተመታች አህያ ስትራገጥ ይሰማናል። መሬት ላይ ተኝተን ነበር። ሲያባራ "ባጃጇን ላስገባት" ብሎ ወጣ። አንድ ጥይት። ያ ሁሉ ከዘነበ በኋላ፣ አንድ። በበሩ ስንጥቅ አየሁት። እጁ መሪው ላይ ነው፣ ደም በአፉ መጣ። ጎትቼ ሳስገባው ተረከዙ አፈሩ ላይ መስመር አወጣ። ደም እኔ እንደጻፍኩት አይደለም። ይሞቃል። ልብስህ ላይ ሲደርቅ እንደ ካርቶን ይደርቃል። ሸሚዜን በመቀስ ነው ያወለቁልኝ።

ማን እንደተኮሰ አይታወቅም። አንዱ ከወዲያ ነው ይላል፣ ሌላው ከወዲህ። ከቀብሩ በኋላ አባቴ በየጠዋቱ የግቢውን በር ከፍቶ ፊት ለፊቱ መቀመጥ ጀመረ። "ሽማግሌ ቢመጣ ምን እንደምል አላውቅም፣" ይላል። "ግን ልገኝ።" የመጣ የለም። ዛሬም ጠዋት ተቀምጦ ነበር።

እኔ ያን የተኮሰውን ሰው ልገድለው ብዬ ጻፍኩት። ሃያ ጊዜ ገድዬዋለሁ። በጥይት፣ በማጭድ፣ አንገቱን ይዤ ቦርከና ውስጥ በመድፈቅ። ፊት ስለሌለው አይሞትልኝም። ስለዚህ ፊት ሰጠሁት። ዕድሜውን ከእኔ እኩል አደረግኩት። ጫማው ጠቦታል። ከዚያ ከሽማግሌዎች ጋር አባቴ ፊት አምጥቼ አቆምኩት። እዚያ ላይ ቀረ። አባቴ የሚለውን መጻፍ አልቻልኩም።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ሰሞኑን ማሽላ ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ አነበብኩላት። ማን መሆኑን አልነገርኳትም፤ አልጠየቀችኝምም። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ የሚለው ጋ ስደርስ እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

"ከቆመ ቆየ?" አለችኝ።

"ከጠዋት ጀምሮ።"

አንድ ጠጠር አውጥታ ጣለች።

"እናቱ የት እንዳለ ታውቃለች?"

"እሱን አልጻፍኩትም።"

"ጻፈው፣" አለች። "ታስባለች።"