የተቀደደው እጅጌ

አዲስ ሹራብ ከላስቲኩ ሲወጣ የሚሸተውን ታውቁታላችሁ? አፍንጫ የሚበላ የክርና የፕላስቲክ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት እህቴ የልጇን የደንብ ልብስ ሹራብ ስታወጣ ያ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ቀለሙ ወይን ጠጅ ነው፤ እሷ ተማሪ ሳለች የለበሰችውም ወይን ጠጅ ነበር። የዚያን ጊዜው ንዴቴ ተመለሰ።

ያኔም የምንኖረው እዚሁ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ነበር። እህቴ ስምንተኛ ክፍል፣ እኔ ሰባተኛ። እኔ የጠዋት ፈረቃ ስለነበርኩ እሷ ከሰዓት ብቻዋን ትሄዳለች። ኮብልስቶኑ አልቆ አስፋልቱ የሚጀምርበት መታጠፊያ ላይ አንድ ባጃጅ ነጂ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃታል።

«ዶክተሯ! ነይ ግቢ፣ ላንቺ በነፃ ነው!» ሲላት የሱቁ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ይስቃሉ።

«ዶክተር ስሆን መጀመሪያ የምወጋው አንተን ነው» ብላ ታልፋለች። የበለጠ ይስቃሉ። ማንም ግን «ተው» አላለውም።

አንድ ቀን ካፊያ ሲጥል ትምህርት ቤት ተለቀቀ። ነጂው ክንዷን ይዞ ወደ ባጃጁ ጎተታት። ነክሳው አመለጠች። ቤት ስትገባ የሹራቡ ግራ እጅጌ ከትከሻው ተገንጥሎ በቀኝ እጇ ይዛው ነበር። እርጥብ ክር ይሸታል። አላለቀሰችም።

አባቴ ፖሊስ ጣቢያ ልሂድ ብሎ ጫማውን አጠለቀ። እናቴ በሩ ላይ ቆመች። «ስሟን አደባባይ ልታወጣው ነው?» አባቴ ጫማውን አወለቀ።

እሁድ ሽማግሌዎች ነጂውን ይዘው መጡ። እናቴ «ለእንግዶቹ ቅጂ እንጂ» አለቻት። እህቴ ሚሪንዳውን ቀዳች። ለእሱም ቀዳች። የተነከሰውን እጁን በሌላኛው ሸፍኖ ብርጭቆውን ተቀበላት። ከዚያ ተነስቶ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ፣ የአባቴን ሳመ፣ የእናቴንም ሳመ። እህቴ ትሪውን እንደያዘች አጠገቡ ቆማ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ሁለቱም ልጆቻችን ናቸው» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «እሱ አጥፍቷል፣ ይቅር ተብሏል። እሷም ለጊዜው ከመንገድ ትሰብሰብ።»

«እኔ ምን አደረግኩ? ሚኒስትሪ ልፈተን እኮ ነው!»

«ዝም በይ፣ ሽማግሌ እየተናገረ!» አለ አባቴ።

«እሺ፣ እኔንስ ማን ይቅርታ ጠየቀኝ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ። «ወይ ምላስ! ይቺስ ጠበቃ ነው የምትሆነው።» ነጂውም ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ትምህርት ቤት መቅረቷን ያዩ የክፍሏ መምህርት ቤታችን ድረስ መጡ። ከሰፈራችን የሚመላለሱትን ሴት ልጆች አንድ ላይ ሊያስኬዱ፣ እስከ መታጠፊያው ራሳቸው ሊሸኟቸው ነበር ሐሳባቸው። «ነውረኛው መንገዱ ላይ ቆሞ ልጅቷ ቤት ትታሰር?» አሉ።

«መምህርት፣ እርስዎ ሴት ልጅ የለዎትም» አላቸው አባቴ።

«ክፍል ሙሉ አሉኝ።»

አባቴ ግን እህቴን አልለቀቃትም። የፈተናው ቀን እህቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ስታጥብ ዋለች። እናቴ ሹራቡን ተረተረችው፤ ከክሩ የትራስ ልብስ ሠራች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እህቴን ድራ ያንኑ ትራስ አስይዛ ሸኘቻት።

ነጂው ዛሬም በዚያው መታጠፊያ ያልፋል። ሲያየኝ እጁን ያነሳልኛል። አላነሳለትም። ሰው «ታርቃችሁ የለ እንዴ?» ይለኛል። ማን ከማን ጋር ታረቀ?

ባለፈው ሳምንት እህቴ የልጇን ሹራብ ገልብጣ እጅጌው ከትከሻው የሚገናኝበትን ቦታ በድርብ ክር መስፋት ጀመረች።

«እማዬ፣ አዲስ እኮ ነው! ምኑ ይሰፋል?» አለቻት ልጇ።

«ዝም ብዬ ነው፣ የኔ ቆንጆ። እንዲጠነክር።»

ይኸው፣ ስንት ዓመት አልፎም የምናጠነክረው እጅጌውን ነው። እህቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሹራቡን አለበሰቻት። ከዚያ ትከሻው ላይ ይዛ ሳብ አደረገችው፤ አንዴ በቀስታ፣ አንዴ በኃይል።

«ነገ ትምህርት ቤት እኔ ነኝ የማደርሳት» አልኳት።

«አብረን ነው የምንሄደው» አለች። «ያኔ ቤታችን የመጡት መምህርት አሁንም እዚያው ትምህርት ቤት ናቸው አሉ።»