ሰባት ደቂቃ ከበርሜሉ ውጪ

የሥራ ባልደረቦቿ «በረዶ» ይሏታል። ስሙ ከሥራዋ የመጣ ነው እንጂ ከጠባይዋ አይደለም፤ ስትናደድ ፊቷ የሚቆም የለም። ባሏ እንኳ፣ «ይሄን ጠባይሽን እዚያ በርሜል ውስጥ ከትተሽው ብትመጪ ምናለ?» ይላታል።

በርሜሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ከዜሮ በታች መቶ ዘጠና ስድስት ዲግሪ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከድንች ቡቃያ ጫፍ ላይ በዓይን የማትታይ ነጥብ በማይክሮስኮፕ እያየች ስትቆርጥ፣ በብልቃጥ ስታሽግ፣ እዚያ ውስጥ ስታስቀምጥ ኖራለች። ነጥቧ እዚያ እስካለች አትበሰብስም፣ አታረጅም፤ አውጥተው ሲያበቅሏት መልሳ ድንች ትሆናለች። ለጥቂት ደቂቃ ሞቃ ተመልሳ ከገባች ግን አለቀላት።

ከሁሉም የምትሳሳለት የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ቀይ ድንች ነበር። ማሳቸውን በሽታ ሲጨርሰው የተረፉትን ሦስት ፍሬዎች በፎጣ ጠቅልለው አመጡላትና፣ «ልጄ፣ አደራ» አሏት። ሌላ ቦታ የለም፤ ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት እሷ ፈቃድ ላይ ሳለች የላቦራቶሪው ኃላፊ እንግዶች አመጣ። ከበርሜሉ የሚወጣው ነጭ ጭስ ፎቶ ላይ ያምራል ብሎ የላይኛውን መደርደሪያ፣ የሽማግሌውን፣ መዝዞ አወጣ። ሰባት ደቂቃ ይዞት ቆመ፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ መልሶ ከተተው። ይህን የነገረቻት ክዳኑን ይዛ የቆመችው የጽዳት ሠራተኛ ናት።

በረዶ የዚያን መደርደሪያ እያንዳንዱን ብልቃጥ አውጥታ ለማብቀል ሞከረች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁሉም ቡናማ ሆኖ ቀረ፤ አንዲት እንኳ አልበቀለችም። ንዴቷ እንቅልፍ ነሳት።

«ማሽኑ ተበላሽቶ ነው በያቸው» አላት ኃላፊው። «ገበሬ ናቸው፣ አይገባቸውም።»

ዕድሜ ልኩን ዘር መርጦ ያቆየ ሰው አይገባውም የሚል አፍ እንዴት አይደርቅም?

ሽማግሌው ዘራቸውን ሊወስዱ ሲመጡ እጃቸውን ይዛ ቀጥታ ኃላፊው ቢሮ አስገባቻቸው።

«ይንገሯቸው» አለችው።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «አባባ፣ ማሽኑ...»

«ማሽኑ ምንም አልሆነም» አለች፤ አንቱታውንም እዚያው ተወችው። «ዘርዎን ለእንግዳ ላሳይ ብሎ አውጥቶ ገደለው። አንድም አልተረፈም፣ አባባ።»

 ሽማግሌው ወደ ኃላፊው ዞረው፣ «እንግዶቹስ ወደዱት?» ሲሉ ጠየቁ።

እሷ መለሰችላቸው።

«አጨብጭበዋል።»